አባቴን መምህር ያደረግሁበት ቅጽ

አባቴ ከጉልምስናው እስከ ሽበቱ ሥራ የለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ የምሠራበት የጥናት ቢሮ ግን ሦስት ጊዜ እንደለወጠ መዝግቦታል፤ ያችን አንዷን፣ እውነተኛዋን ሳይጨምር። የመዘገብኩትም ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው ነኝ፤ በእርሳስ፣ ላጲሴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው የእጅ ጽሑፌ።

ዘመኑ መንግሥት ፋብሪካዎቹን አንድ በአንድ ወደ ግል የሚያዛውርበት ነበር። ቢሮ ሁሉ ደግሞ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ገባ እያለ ጠረጴዛውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ በዓመቱ መልሶ ከቀኝ ወደ ግራ ያዞራል። የእኛ ቢሮ ሳሪስ ዋናው መንገድ ዳር፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሥራችን ሲያስረዱት ቀላል ነው። በአቃቂ ቃሊቲ በዕጣ የተመረጡ ቤቶች አሉ፤ በየዓመቱ እዚያው ቤት እየተመለስን እነዚያኑ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን። ሰው ሥራ እንዴት እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚለቅና እንደሚለውጥ ለማወቅ ነው ተባልን። ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋሉ። እኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ የተጻፈውን ሥራ ወደ ቁጥር እለውጣለሁ፤ ኮድ መስጠት ይባላል። የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ከተለየ ሰውየው ሥራ ለውጧል ማለት ነው።

የኮድ መጽሐፋችን ትራስ ያህል ነበር። ከውጭ የመጣ ስለሆነ የዓለም ሥራ ሁሉ ውስጡ አለ። ለመርከብ የሚያበራ መብራት ጠባቂ አለ፤ ወያላ ግን የለም። ወያላ ሲመጣብኝ ለአለቃዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ አለቃዬም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ረዘም ላለ ጊዜ ካሰበ በኋላ «የትራንስፖርት ባለሙያ በይው» ይለኛል። አለቃዬ የቅርንጫፉ ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክራቫቱን በሙቀት ቀን እንኳ የማይፈታ፣ ለውጥ የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ የሚበራ ሰው ነበር። ሕጉ አንዲት ናት፤ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት በጣቱ ጠረጴዛዬን እየመታ ነገረኝ።

«ለተጻፈው ኮድ ስጪ። የምታውቂውን ቤትሽ አስቀምጪው።»

ችግሩ፣ የማውቀው ቤትም ከዕጣው መግባቱ ነው። ከተመረጡት ቤቶች አንዱ አቃቂ በሰቃ ያለው የእኛው ቤት ሆነ። የራሴን ቤተሰብ መጠየቅ ስለማልችል አንድ ቀጭን፣ እርምጃው ፈጣን የሆነ ባልደረባዬ በየዓመቱ እናቴና አባቴ ዘንድ እየሄደ፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ መልሳቸውን ጽፎ ያመጣልኛል።

አባቴ ፈትል ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ረጅም ማሽን አለ፤ ማሽኑ ላይ የተደረደሩ ብዙ ክሮች ይሽከረከራሉ፤ ክር ሲበጠስ ሮጦ መቀጠል የእሱ ሥራ ነው። ማሽኑ አይቆምለትም፤ እየዞረ ነው በሁለት ጣቱ ይዞ የሚቀጥለው። ይህን ሥራ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ባልደረባዬ ሲመጣ አባቴ ከፈረቃ ተመልሶ፣ ቅንድቡ ላይ ብናኝ ጥጥ እንዳለበት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ዋና ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ክር እቀጥላለሁ» አለ አባቴ። ተጻፈ። እኔም የፈትል ሠራተኛን ቁጥር አግኝቼ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን ቁጥር ለእሱ የመስጠት ዕድል አላገኘሁም።

በሁለተኛው ዓመት ባልደረባዬ ሲሄድ አባቴ ፈረቃ ላይ ነው። መልስ የሰጠችው እናቴ ናት። እናቴ ባሏን ለማያውቁት ሰዎች ስታስተዋውቅ ከወንበሯ ትንሽ ቀና ትላለች። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለች። ፋብሪካው ያን ጊዜ የመንግሥት ነበርና አልዋሸችም። ባልደረባዬ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሲጠይቃት «ኃላፊነት አለበት» ብላ ዘጋችው። ስለ እኔም ተጠይቃ «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላለች። ቢሯችን አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ እሱም አለቃዬ ክፍል ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ነው።

ቅጹን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ይኼ ሰውዬ አባቴ ነው» አልኩት። «ጸሐፊም ኃላፊም አይደለም፤ አምና የነበረበት ማሽን ላይ ነው ያለው።»

«ቅጹ ላይ ማሽን የሚል አለ?»

«የለም፣ ግን እኔ…»

«አየሽ? አባትሽን እናከብራለን። ወረቀቱ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነው ይላል። ከአጠቃላይ የቢሮ ሠራተኛ ውስጥ አስገቢው።»

አስገባሁት። አባቴ ከማሽን ወደ ጠረጴዛ ተዛወረ፤ አንድ ለውጥ።

በሦስተኛው ዓመት ፋብሪካው አዳዲስ ልጆች ቀጥሮ፣ ክር አቀጣጠሉን አሳያቸው ተብሎ ለአባቴ ተሰጥተውት ነበር። አባቴ በዚያ ሰሞን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ ሥራዎ ምንድን ነው ሲባል «ልጆች አስተምራለሁ» አለ። ባልደረባዬም እንደ ታማኝነቱ ልጆች ያስተምራሉ ብሎ ጻፈ። የኮድ መጽሐፉን ገለጥኩ፤ ልጅ ለሚያስተምር ሰው ያለው ቁጥር አንድ ነው። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ መምህር ሆነሃል።»

«የት ትምህርት ቤት?» አለኝ ጉርሻውን ይዞ።

«እሱን ቅጹ አይጠይቅም።»

«እንግዲህ ክረምቱን አርፋለሁ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። ለሁለት ሳምንት ያህል ውሃ አቀብዪኝ ሲለኝ እንኳ «ለመምህሩ» ይጨምርበት ነበር።

በአራተኛው ዓመት ከፈረቃ አለቃው ጋር ተጣልቶ ልጆቹን ተቀምቷል። ተኮሳትሮ «ማሽን ላይ ነኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የምን ማሽን እንደሆነ አልተጻፈም። የኮድ መጽሐፉ ለእንዲህ ዓይነቱ ኩርፊያ የተዘጋጀ ቁጥር ነበረው፤ «ሌላ ቦታ ያልተጠቀሰ የማሽን ሠራተኛ»። ሰጠሁት። ክር ቀጣይ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሰ። አራት ዓመት፣ ሦስት ለውጥ፤ ሰውየው ግን ከዚያችው ማሽን አንድ እርምጃ አልራቀም።

አባቴ ብቻ አይደለም። ሳሪስ አቦ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አንድ ዓመት «ነጋዴ ነኝ» ትላለች፤ በዓመቱ «ምን ሥራ አለኝ ብለህ ነው፣ ቁጭ ብዬ እውላለሁ» ትላለች፤ ሽንኩርቱ ከፊቷ ተከምሮ። እኛ ዘንድ ሥራ አጥ ሆና ታልፋለች። የተገላቢጦሹም ነበር። ከጥንቱ የገበሬ መንደሮች አንዱ ውስጥ የኖሩ አዛውንት መሬታቸው ለመጋዘን ተወስዶ፣ እዚያው የገዛ መሬታቸው ላይ በቆመው መጋዘን ዘበኛ ሆነው ተቀጥረዋል። ባልደረባዬ የመጋዘኑ በር ላይ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው አግኝቷቸው ሥራዎ ምንድን ነው ቢላቸው «ቆቴ ቡላ» አሉት፤ በኦሮምኛ ገበሬ ነኝ ማለታቸው ነው። በአራቱም ዓመት ገበሬ ናቸው። እዚህ አካባቢ ሥራው ከሥሩ የተነቀለው ሰው እኛ ዘንድ ንቅንቅ አላለም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ውጤት ሆነ። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዎርክሾፕ ተዘጋጀ፤ የክፍለ ከተማ ተወካይ ተጠራ፤ አለቃዬ ባለቀለም የግራፍ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበራ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ አንድ ሥራ ላይ ተቸክሎ የሚቀር አይደለም! ተንቀሳቃሽ ነው! ለዕድል የነቃ ነው!»

ተጨበጨበ። ተወካዩ ተነሥተው ይህ እንቅስቃሴ የመጣው እሳቸው ባስተባበሩት የአቅም ግንባታ ሥልጠና መሆኑን አብራሩ፤ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከትም እየተሸነፈ እንደሆነ ከሥዕሉ እንደሚታይ ጨመሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳምቡሳዬን እበላለሁ። ከሥዕሉ ላይ ከፍ ብሎ የወጣው ሰማያዊ ዘንግ ውስጥ አባቴ እንዳለ፣ የሽንኩርቷ ሴትዮም እንዳለች አውቃለሁ። ልስቅ ፈልጌ አፌ ሙሉ ስለነበር ተውኩት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አልሳቀም፤ አላጨበጨበምም። ሰው ሁሉ በየዓመቱ ሥራ ይለውጣል መባሉን ተጠራጥሮ አንዲት ባለሙያ ላከ። ሴትየዋ ብዙም አትናገርም። ገብታ ያደረገችው ነገር ማናችንም በአራት ዓመት ውስጥ ያላደረግነው ነው፤ የአንዱን ቤት አራት ቅጽ አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋችው። የዘረጋችው ደግሞ የእኛን ቤት ነበር። ጠራችኝ።

«ይኼ ሰውዬ ማስተማሩን ትቶ ነው ማሽን ላይ የወጣው?»

«ማሽኑን ለቆ አያውቅም።»

«ታዲያ በየዓመቱ የሚለወጠው ምንድን ነው?»

«አመላለሱ ነው» አልኳት። «አንድ ቀን ደስ ብሎት ይመልሳል፣ አንድ ቀን ተናዶ። አንድ ቀን ደግሞ እናቴ ናት።»

እዚያ ቢሮ የተጻፈውን ሳይሆን የማውቀውን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች። እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞቀ። በየዓመቱ ሰውን እንደ አዲስ ሥራህ ምንድን ነው ማለቱ ነው ጥፋቱ አለች። ሥራው ሳይለወጥ ቃሉ ይለወጣል፤ እኛ ቃሉን እንቆጥራለን። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ቅጽ ላይ መልሱ እየተነሣ በአዲሱ ቅጽ ይታተማል፤ ጠያቂው ያነብለትና ያው ነው ወይስ ተለውጧል ብሎ ይጠይቀዋል። አባቴንም እኔው አጠገቧ ሆኜ አስተካከልኩት፤ «በፈትል ማሽን ላይ ክር ይቀጥላል»። በመጨረሻ በወረቀትም ከማሽኑ ጋር ተገናኘ ብዬ ደስ አለኝ። አዲሱን ጥያቄ እንደኔ የወደደው ሰው አልነበረም።

ባለሙያዋ ከመሄዷ በፊት ጠያቂዎቹን ሰብስባ አንድ ነገር ደጋግማ ነግራቸው ነበር። ሁለቱንም እኩል አንብቡላቸው፣ «ያው ነው» የሚለውን አታጉርሷቸው፣ ተለውጧል የሚል ሰው በሩን ክፍት ማግኘት አለበት። ጠያቂዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትየዋ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ምክሯም አብሯት ገባ።

ምክንያቱም አዲሱ ቅጽ ላይ «ያው ነው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከተደረገ ሁለት ገጽ ይዘለላል። «ተለውጧል» ከተባለ ግን ለምን፣ መቼ፣ ማን አገናኘዎት፣ የፊተኛውን ለምን ተዉት እየተባለ ሁለቱ ገጽ ይሞላል፤ ያውም በቃሊቲ አቧራና ፀሐይ። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው አጥሮ አጥሮ «ያው ነው አይደል?» ሆነ። እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ወረቀት አይቶ፣ ፈገግ ብሎ ያው ነው አይደል ሲል እዚህ አገር አይደለም የሚል ሰው ፈልጉ። ሰው ታሞ እንኳ ደህና ነህ አይደል ሲሉት ደህና ነኝ ነው የሚለው። ባልደረባዬ ዘንድሮ ከምሳ በፊት ጨርሶ ሳሪስ ካፌ ማኪያቶውን ሲጠጣ ይገኝ ጀመር። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለለው ቅጽ ሁሉ ያው ነው፣ ያው ነው፣ ያው ነው ይላል።

ያን ዓመት የአባቴ ፋብሪካ ለግል ባለሀብት ተዛውሮ ነበር። በሩ ላይ የቅነሳ ዝርዝር ተለጠፈ። አባቴ ያን ዕለት ከሥራ ሲገባ እናቴ ቀድማ ጠየቀችው። «እኔን አልነካኝም፤ የሌላውን ፈረቃ ነው» አለ። እኛም አመንን። በማግስቱ እንደወትሮው ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ ወጣ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የጎደለ ቅጽ ለባልደረባዬ ላደርስ ወደ ሳሪስ አቦ ወረድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ጧፍ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ከእነሱ ጀርባ በላስቲክ ጥላ ሥር ጧፉ ይሠራል። ክሩን ገምደው በቀለጠ ሰም ውስጥ እየጎተቱ ያወጡታል። እዚያ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ፊቱን ሳላይ በእጁ አወቅሁት። ክሩ ተበጠሰ፤ ወደዚያ ሳያይ በሁለት ጣቱ ያዘና ቀጠለው። ሌላ እንደዚያ የሚቀጥል ሰው አላውቅም።

ጃንጥላ ከዘረጋች ነጋዴ ጀርባ ተደበቅሁ። በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ የዋሸን መስሎኝ። ቀጥሎ ምሳ ዕቃውን አየሁት፤ እናቴ በነጠላ ቅዳጅ ጥብቅ አድርጋ እንዳሰረችው ከአጠገቡ ተቀምጧል። በየወሩ ደመወዝ ነው ብሎ የሚያመጣው የስንብት ክፍያው እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያው ጃንጥላው ሥር እንባዬ መጣ። ቅጹን ሳላደርስ ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ ቤት ገብቼም ምንም አልተናገርኩም። እናቴ «የፋብሪካ ሚስት» መባልን እንደ ማዕረግ የያዘች ሴት ናት። ይህን ከእሱ ከራሱ አፍ ካልሆነ ከማንም መስማት የለባትም ብዬ ወሰንኩ።

በሳምንቱ የእኛ ቤት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። በፈትል ማሽን ላይ ክር ይቀጥላል። ያው ነው። ሁለት ገጽ ተዘሏል። ባልደረባዬን በዘዴ ጠየቅሁት።

«የእኛ ቤት እንዴት ነበር?»

«አቦ፣ ቤታችሁን እወደዋለሁ! አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቆሎ ብቻ ነው ያቆየኝ።»

«ማን ነው የመለሰልህ?»

«ጋሼ ቁጭ ብለው ነበር፤ እትዬም ነበሩ። ያው ነው አሉ። ምነው?»

«ምንም» አልኩት። ቅጹን ደግሜ አየሁት። ቅጹ ዳር ላይ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፤ እኔ ሳርም የተጠራጠርኩት ነገር ካለ የምጽፍባት። እሷ ላይ አንድ ቃል ከጻፍኩ ቅጹ ለሱፐርቫይዘር ይሄዳል፤ ሱፐርቫይዘሩ ቤታችን ድረስ ሄዶ አባቴን እናቴ ፊት አስቀምጦ «እርግጠኛ ነዎት?» ይለዋል። ካልጻፍኩ ደግሞ አባቴ ከዕድሜ ልክ ሥራው በተባረረበት ዓመት በአገሪቱ መዝገብ ላይ ንቅንቅ ያላለ ሰው ሆኖ ይቀራል። ባልለወጠበት ዓመት ሁሉ እየለወጥኩት ኖሬ ሲለውጥ ልቸክለው ነው።

ቅጹን ይዤ ተነሣሁ፤ ወደ አለቃዬ ክፍል ገባሁ። አለቃዬ አምና የነበረውን ንግግሩን አውጥቶ እያረመ ነው። ተንቀሳቃሽ የሚለውን እየሰረዘ የተረጋጋ ይጽፋል።

«የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ» ብሎ አነበበልኝ፣ «በሥራው ላይ የጸና ነው! የሥራ ዋስትናው የተረጋገጠ ነው! እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«ምን ይዘሽ ነው?»

አፌ ላይ ነበር። ይኼ ሰውዬ አባቴ ነው፤ ጧፍ ነው የሚገምደው ልለው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያው በር ላይ ቆሜ እውነቱን ስነግረው የሰጠኝ መልስ ግን ትዝ አለኝ። ይልቅስ በዚህ ጊዜ የፈራሁት አለማመኑን ሳይሆን አምኖኝ ሰው መላኩን ነው።

«ምንም። ወያላ ነው» አልኩት።

«የትራንስፖርት ባለሙያ!» አለኝ ቀና ሳይል።

ጠረጴዛዬ ተመልሼ «ታርሟል» የሚለውን ማኅተም መታሁበት። በሕይወቴ ያን ያህል የከበደኝ ማኅተም የለም።

ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ሄድኩና ሳልደበቅ አጠገቡ ባዶ የሰም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ አልደነገጠም። ክሩን መግመዱን ቀጠለ።

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከጃንጥላዋ ኋላ ቆመሽ ነበር» አለኝ።

«አይተኸኛል?»

«የልጄን ጫማ አላውቅም?»

«አባዬ፣ ለምን ለእማዬ አልነገርካትም?»

«የመጀመሪያውን ቀን እግሬ ራሱ ነው ይዞኝ የወጣው። ጡሩምባው ሊነፋ ሲል ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሁለተኛውን ቀን የመጀመሪያውን ቀን ስላልነገርኳት አፈርኩ። ከዚያማ በየቀኑ እየከበደ ሄደ።»

«ያ ልጅ ሲጠይቅህስ ለምን ያው ነው አልከው?»

እጁ ቆመ።

«ከእኔ አፍ መቼ ወጣ? ያን ቀን'ኮ ልናገር ቆርጬ ነበር። ልጁ በሰሞኑ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እንግዳ ፊት ከሆነ እናትሽ አታለቅስም ብዬ አስቤ ነበር። በየዓመቱ መጥቶ ጋሼ ሥራዎ ምንድን ነው ይለኝ የለም? ይበለኝ፣ ጧፍ እገምዳለሁ እለዋለሁ፣ እሷም ትሰማለች፣ በቃ ይወጣልኛል አልኩ። ስጠብቀው ነው የሰነበትኩት።»

«እና?»

«ዘንድሮ አልጠየቀኝማ! ወረቀቱን አየና ፈትል ማሽን ላይ ነዎት፣ ያው ነው አይደል አለኝ። እሱ ነው የነገረኝ። ገና አፌን ልከፍት ስል እናትሽ ቀደመችኝ፤ ያው ነው ልጄ፣ እዚያው ነው አለችው። ታዲያ ምን ልሁን? እንግዳ ፊት ውሸታም ላድርጋት?»

ያን ጥያቄ ባለሙያዋ አጠገብ ቆሜ ያጸደቅሁት፣ ቃሉንም ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። የድሮው ጥያቄ፣ ያ መምህር ያደረገው፣ ያ የሳቅሁበት ጥያቄ ቢሆን ኖሮ አባቴ ያን ቀን ነፃ ይወጣ ነበር። ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ የወደቀ ክር አነሣሁለት።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሥራህ ምንድን ነው?»

አየኝና ሳቀ። ከዚያ ግን ነገረኝ፤ ብዙ ነገረኝ። ሰሙ ሲቀጥን ጧፉ እንደሚያለቅስ፣ ሲወፍር እንደሚሰነጠቅ፣ እዚህ ክሩ ሲበጠስ ማሽኑ ስለማይሮጥ እጁ መጀመሪያ ግራ ገብቶት እንደነበር። ስነሣ እጄን ያዘኝ። «ለእናትሽ እኔው ነኝ የምነግራት። ቀን እፈልግለታለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

ዝም እላለሁ ብዬ በሰቃ ወረድኩ። ቤት ስገባ እናቴ ጠረጴዛው ላይ የአባቴን ትርፍ ቱታ ዘርግታ ካውያ ይዛለች። መጀመሪያ በቢላዋ ጀርባ አንድ ነገር ከጉልበቱ ላይ ትፍቃለች፤ ከዚያ ወረቀት ታነጥፍበትና ካውያውን ታሳርፍበታለች። ወረቀቱን ስታነሣው የቀለጠው ሰም ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱን አወቅሁት። መሳቢያ ውስጥ ለማንጠፍ ብዬ ከቢሮ ያመጣሁት የድሮው ቅጽ ነው፤ ገና ያልተጻፈበት። ከእጇ ሥር የተከመረው ሰም የጠጣ ወረቀት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በሰቃ ውስጥ ዘመዱ ፋብሪካ የማይሠራ ቤት የለም፤ ዝርዝሩ በተለጠፈ ዕለት ጎረቤት ሁሉ አንብቦታል። እኔ ነኝ እንጂ ሞኟ፣ እሷማ አባቴ ገና ከበሩ ሳይደርስ ሰምታ ነበር። ሰምታም ነው ምሳ ዕቃውን በየቀኑ የምታስረው፤ ሰምታም ነው ባሏ በእንግዳ ፊት እንዳይዋረድ ቀድማ ያው ነው ያለችው።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ ሰም ሰም ይላል።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዘይት ነው። የማሽን ዘይት አስቸጋሪ ነው፣ አይለቅም።» ቱታውን ገልብጣ ሌላውን ጉልበት ዘረጋች። ከዚያ ካውያውን አቁማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አባትሽ ፋብሪካው ነው ያለው፤ ያው ነው አይደል?»

ያን ዓመት ስንት ቤት ይህን ቃል እንዳለ በእርሳሴ ቆጥሬአለሁ። ለምን እንደሚሉት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ያው ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ካውያውን መልሳ አነሣች።